የቢሮአችንን የመልእክት ሰርቨር በዶከር ስተክል ያለፍኩበት

የመጀመሪያውን የመልእክት ሰርቨራችንን ያጠፋሁት በአንድ ሰረዝና በአንድ ፊደል ነው። ዶከር ፕሮግራምን ከሚያስፈልገው ሁሉ ጋር ኮንቴይነር በሚባል ሳጥን ውስጥ አሽጎ የሚያስነሳ መሣሪያ ነው። «ዶከር ኮምፖዝ ዳውን» ጻፍኩና መጨረሻው ላይ «ሰረዝ ቪ» ጨመርኩበት። አንድ ቅንብር አልስተካከል ብሎኝ ስለነበር ሁሉንም አጽድቼ እንደ አዲስ ላስነሳው ፈልጌ ነው። ኮንቴይነሮቹ ቆሙ፣ ተሰረዙ፣ ተከትለውም ዳታው የተቀመጠባቸው ቮሊዩሞች ተሰረዙ። የ3 ሳምንት መልእክት፣ የ38 ሰው አካውንት፣ ሰው የተላላከው ፋይል ሁሉ በጥቂት ሰከንድ ውስጥ አለቀ። ባክአፕ አልነበረኝም። በማግስቱ ጠዋት ሠራተኛው ስልኩንም ኮምፒውተሩንም ሲከፍት የጠበቀው ባዶ የመግቢያ ገጽ ነበር። የሒሳብ ክፍል ኃላፊዋ ጠረጴዛዬ ድረስ መጥተው «የኔ ልጅ፣ ትናንት የላኩት የክፍያ ሰነድ የት ገባ?» ሲሉኝ የምመልሰው አጣሁ።

ያን ቀን የተማርኩትን ሌላው ሳይከፍልበት እንዲያውቀው ብዬ ነው ይህን የምጽፈው። ኢሜጁን (ኮንቴይነሩ የሚሠራበትን ዝግጁ ጥቅል) ፈልጎ፣ አውርዶ ማስነሳት ከሥራው ትንሹ ነው። ብዙ ቀን የወሰደብኝ ከኮንቴይነሩ ውጭ መኖር ያለበት ምን ምን እንደሆነ ለይቶ ማወቅ ነበር።

ድርጅታችን አዲስ አበባ ውስጥ የሕንፃ ዲዛይንና የግንባታ ቁጥጥር የሚሠራ አማካሪ ነው። እንደ ብዙው መሥሪያ ቤት ሥራችን ሁሉ በቴሌግራም ግሩፕ ነበር የሚሄደው። ሥራ የለቀቀ ሰው ግሩፑ ውስጥ ይቀራል፤ የተሻሻለው ፕላንና የድሮው ፕላን ይደባለቃሉ፤ ማን ምን እንዳጸደቀ ለማግኘት ወደ ላይ መጎተት ነው። ከየካቲት 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ቴሌግራም፣ ፌስቡክ፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ለወራት ተገድበው በቆዩበት ጊዜ ደግሞ ግማሻችን በቪፒኤን፣ ግማሻችን በስልክ ጥሪ ስንሠራ ከረምን። ሥራ አስኪያጃችን አንድ ቀን ጠርተውኝ «ኢንተርኔት ቢጠፋ እንኳ እዚሁ ሕንፃ ውስጥ ያለን ሰዎች የምንጻጻፍበት ነገር ማዘጋጀት አትችይም?» አሉኝ። «እችላለሁ» አልኳቸው። የነገሩ መነሻ ይኸው ነው።

የመረጥኩት ማትሪክስ የሚባለውን ክፍት ፕሮቶኮል ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 የተጀመረ ሲሆን፣ የፈረንሳይ መንግሥት ሠራተኞች የሚጻጻፉበት ቻፕም፣ የጀርመን ጦር የሚጠቀምበት ቢደብሊው ሜሴንጀርም የተሠሩት በዚሁ ላይ ነው። ሰርቨሩ ሲናፕስ ይባላል፤ አብዛኛው በፓይተን የተጻፈ ነው። ሰው የሚከፍተው መተግበሪያ ደግሞ ኤለመንት ነው። ሁለቱም የተዘጋጀ የዶከር ኢሜጅ አላቸው። ማሽኑ የድሮ ዴስክቶፕ ነው፤ 16 ጊጋባይት ራም አለው፣ ኡቡንቱ ጫንኩበት። ለእኛ ያህል ሰው ከበቂ በላይ ሆኖ አግኝቼዋለሁ፤ ከውጭ ሰርቨሮች ጋር የሚያገናኘውን ክፍል ስለዘጋሁት ሲናፕስን የሚያደክሙት ትልልቅ የሕዝብ ክፍሎች (የመልእክት ግሩፖች) እኛ ዘንድ አይገቡም። የሚዘጋው የሚፈቀዱ ሰርቨሮችን ዝርዝር ባዶ አድርጎ በመተው ነው።

ለኢንጂነሮቻችን ዶከርን ያስረዳኋቸው በራሳቸው ሥራ ነው። ኢሜጅ ፕላኑ ነው፤ ኮንቴይነር በፕላኑ የተሠራው ቤት ነው፤ ቮሊዩም የቤት ዕቃው ነው። ቤቱ ቢፈርስ በዚያው ፕላን በደቂቃ ይሠራል። ዕቃው ግን ከግድግዳው ጋር አብሮ ከፈረሰ የሚመልሰው የለም። «ዳውን» ቤቱን ያፈርሳል፣ ዕቃውን ግን ጎረቤት ያስቀምጣል። «ሰረዝ ቪ» ሲጨመርበት ዕቃውንም ይዞት ይሄዳል። ከዚያ በኋላ የሰርቨሩን ዳታ ዶከር ራሱ በሚያስተዳድረው ቮሊዩም ውስጥ መተው አቁሜ፣ ቦታውን በማውቀው በዲስኩ ላይ ባለ ተራ ፎልደር አድርጌዋለሁ። እንዲህ ያለውን ፎልደር ያ ትእዛዝ አይነካውም።

ኢሜጆቹን ማውረድ ራሱን የቻለ ሥራ ነበር። ሲናፕስ፣ ፖስትግሬስ (ዳታቤዙ)፣ ኤለመንትና ኢንጂንኤክስ (የሚመጣውን ግንኙነት ተቀብሎ ወደ ሲናፕስ የሚያስተላልፈው) ተደምረው ቀላል አይደሉም፤ የቢሮው መስመር ቀን ላይ 40 ሰው እየተጠቀመበት ማውረዱ በየመሀሉ ይቋረጥብኝ ነበር። ሌላም ችግር አለ፦ ኢሜጆቹ የሚወርዱበት ዶከር ሀብ ሳይመዘገብ ለሚያወርድ ሰው ከእ.ኤ.አ. 2020 መጨረሻ ጀምሮ በአይፒ አድራሻ ገደብ አውጥቷል። ብዙ ደንበኛ በአንድ አይፒ ተሸፍኖ በሚወጣበት መስመር ላይ ምንም ሳታወርዱ «ብዙ ጠይቃችኋል» የሚል መልስ ሊመጣባችሁ ይችላል። ነፃ አካውንት ከፍቶ «ዶከር ሎግኢን» ማድረግ ያቃልለዋል። እኔ ግን ከዚያ ይልቅ የለመድኩት ሌላ መንገድ ነው፦ ማታ ቤቴ በላፕቶፔ አወርዳለሁ፣ «ዶከር ሴቭ» ብዬ ወደ አንድ ፋይል እቀይረዋለሁ፣ አምቄ በፍላሽ ይዤ እሄዳለሁ፣ ቢሮ ስደርስ «ዶከር ሎድ» እለዋለሁ። ሰርቨሩ ከዶከር ሀብ ጋር ጨርሶ መገናኘት አያስፈልገውም።

ሲናፕስ ሥራ ከመጀመሩ በፊት «ጀነሬት» በሚባለው ትእዛዝ አንድ ጊዜ ይነሳና የቅንብር ፋይሉንና የፊርማ ቁልፉን (ሰርቨሩ ማንነቱን የሚያረጋግጥበትን ምስጢር) ይፈጥራል። የሰርቨሩን ስም የምትሰጡት እዚያ ላይ ነው፤ እዚህ ጋ ቆም በሉ። ስሙ በእያንዳንዱ ሰው መለያና በእያንዳንዱ ክፍል መለያ ውስጥ ይገባል፤ በኋላ መቀየር አይቻልም። እኔ በመጀመሪያው ዙር ለሙከራ ብዬ የማሽኑን ስም ሰጥቼው፣ ሰው ገብቶ መጻጻፍ ከጀመረ በኋላ ልቀይረው ስታገል ነው ወደ ማጽዳቱ የሄድኩት። የጠፋው ሁሉ መነሻው ያ ስም ነው። በራሳችሁ ዶሜይን ስር፣ ድርጅቱ ቢሮም ቢቀይር ማሽንም ቢለውጥ የማያፍርበት ስም ስጡት።

በሁለተኛው ዙር ዳታቤዙን ፖስትግሬስ አደረግሁ። ሲናፕስ ዝም ካሉት ኤስኪውላይት የሚባለውን ቀላል ዳታቤዝ ይጠቀማል፤ ያ ለመሞከሪያ እንጂ ለቢሮ አይሆንም። ፖስትግሬሱን አስነሳሁ፣ ሲናፕስን አገናኘሁ፣ አልነሳም አለ። ሎጉ (ፕሮግራሙ የሆነውን ሁሉ የሚጽፍበት መዝገብ) የሚለው የዳታቤዙ የፊደል አደራደር ልክ አይደለም፣ «ሲ» መሆን አለበት ነው። የፖስትግሬስ ኢሜጅ ሌላ ካልተነገረው የአሜሪካ እንግሊዝኛን አደራደር ይዞ ነው ዳታቤዝ የሚፈጥረው። መጀመሪያ «የእንግሊዝኛ አደራደር ለአማርኛ መልእክት ምን አገባው» ብዬ ነበር፤ ምክንያቱ ግን ከቋንቋው አይደለም። ኢንዴክስ እንደ ስልክ ማውጫ ነው፤ በአንድ ቅደም ተከተል ተደርድሮ ይቀመጣል። ቅደም ተከተሉን የሚወስነው የኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ላይብረሪ ከሆነ፣ ኢሜጁ ሲታደስ ላይብረሪውም ይታደስና የድርድር ሕጉ ሊለወጥ ይችላል። ማውጫው በድሮው ሕግ ተጽፎ በአዲሱ ሕግ ሲፈለግበት ያለው ነገር የለም ይባላል፣ አንድ የሆነው ነገር ሁለቴ ይገባል። «ሲ» ግን ባይቱን እንዳለ ስለሚደረድር አይለወጥም። አደራደሩ «ሲ» ይሁን የሚለው ትእዛዝ የሚሠራው ዳታ ፎልደሩ ባዶ ሆኖ ፖስትግሬስ መጀመሪያ ሲነሳ ብቻ ነው። በኋላ የኮምፖዝ ፋይሉን (ኮንቴይነሮቹ እንዴት እንደሚነሱ የሚጻፍበትን) ብታስተካክሉት ምንም አይለወጥም፤ እኔ ይህን ሳላውቅ ግማሽ ቀን አስተካክዬ አስነሳለሁ፣ አስተካክዬ አስነሳለሁ።

ለስልክና ለብራውዘር ኤችቲቲፒኤስ (የተመሰጠረ ግንኙነት) ግዴታ ነው፤ የኤለመንት ምስጠራ ያለ እሱ ብራውዘር ላይ አይሠራም። ሰርቨሩ ከውጭ የማይደረስበት ቢሆንም ለዚህ የሚያስፈልገውን ሰርተፊኬት በነፃ ከሚሰጠው ከሌትስ ኢንክሪፕት ማግኘት ይቻላል፦ ዶሜይኑ የእናንተ መሆኑን በዲኤንኤስ (ስምን ወደ አይፒ ቁጥር በሚተረጉመው) መዝገብ ላይ በሚጻፍ ማረጋገጫ ታሳያላችሁ። እንዲያ አደረግሁ፤ በሕዝባዊው ዲኤንኤስም የሰርቨሩን ስም ወደ ቢሮው የውስጥ አድራሻ አመለከትኩት። ሁሉም ሠራ። ሰው ደስ አለው። የጣሪያ ዲዛይን የሚሠራው ልጅ 20 ሜጋባይት የሆነ ፕላን ልኮ አልሄድ ሲለው ብቻ ነው ቅሬታ የሰማሁት፤ እሱም የኢንጂንኤክስ ጥፋት ነበር፣ ካልተነገረው ከ1 ሜጋባይት በላይ አያሳልፍም። ሲናፕስ ራሱ እስከ 50 ይፈቅዳል፤ ሁለቱን ማስተካከል ነው።

ከዚያ አንድ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ኢንተርኔት ጠፋ። ለዚህ ቀን ነበር የተዘጋጀሁት። ሥራ አስኪያጁ ቢሮዬ በር ላይ ቆመው «አንቺ ልጅ፣ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል ብለሽን አልነበር?» አሉኝ። ኤለመንት ላይ የሚታየው «ከሰርቨሩ ጋር መገናኘት አልተቻለም» ነው። ሰርቨሩ ከእኔ በ6 ሜትር ርቀት ላይ አረንጓዴ መብራቱን እያብለጨለጨ ቆሟል። በአይፒ ቁጥሩ ስጠራው ይመልሳል። በስሙ ስጠራው የለም።

ችግሩን ለማየት ከደቂቃ በላይ አልወሰደብኝም፤ አስቀድሜ ባለማሰቤ ግን በጣም አዘንኩ። ስሙን ወደ ቁጥር የሚተረጉመው ውጭ ያለው ዲኤንኤስ ነው። ራውተራችን የራሱ መዝገብ የለውም፤ የሚጠየቀውን ሁሉ ወደ ውጭ ያስተላልፋል። ኢንተርኔቱ ሲጠፋ፣ ሕንፃው ውስጥ ያለው ማሽን የት እንዳለ የሚነግር ሰው ጠፋ ማለት ነው። ሰርቨሩን ወደ ውስጥ ያስገባሁ መስሎኝ አድራሻውን ውጭ ትቼዋለሁ።

መፍትሔው እዚያው ማሽን ላይ ዲኤንኤስማስክ የሚባለውን ትንሽ ፕሮግራም መጫን ነው። ስሙንና የውስጥ አድራሻውን የያዘ አንድ መስመር ይጻፍለታል፤ ራውተሩ ደግሞ ለሁሉም ኮምፒውተርና ስልክ «ዲኤንኤሳችሁ ይህ ነው» ብሎ ይህን ማሽን እንዲሰጥ ይደረጋል። ሲጫን «ፖርት 53 ተይዟል» ካላችሁ (ፖርት ማለት የግንኙነት በር ቁጥር ነው) አትደንግጡ፤ የያዘው የኡቡንቱ የራሱ የስም ፈላጊ ነው፣ ዲኤንኤስማስክን በቢሮው አድራሻ ላይ ብቻ እንዲያዳምጥ ማድረግ ይበቃል። ሁለት ነገር ደግሞ ከስልኮች በኩል ይመጣል። አንድሮይድ ላይ የግል ዲኤንኤስ በእጁ ሞልቶ ያስቀመጠ ሰው የእናንተን ዲኤንኤስ አይሰማም። ዋይፋዩ ኢንተርኔት የለውም ብሎ ወደ ሞባይል ዳታ የሚሸሽ ስልክም አለ፤ ባለቤቱ «ቢሆንም እዚሁ ቆይ» የሚለውን መምረጥ አለበት። ሁለቱንም በየጠረጴዛው ዞሬ አስተካከልኩ። ከዚያ ወዲህ በየጊዜው አንድ ቅዳሜ፣ ሰው ሲቀንስ፣ የውጭውን ኬብል ከራውተሩ ነቅዬ ግማሽ ሰዓት አቆያለሁ። ኬብል ሳይነቀል «ያለ ኢንተርኔት ይሠራል» ማለት አይቻልም።

ኢሜጁን ራሴ መገንባት የጀመርኩት በሰው ኃይል ክፍል ጥያቄ ነው። ሠራተኛው ለፋይል ሰርቨራችን የሚጠቀምበት ፓስወርድ አለ፤ ለመልእክቱም ሌላ እንዳይይዝ በዚያው እንዲገባ ፈለጉ። ሲናፕስ የፓስወርድ ማረጋገጫን ለውጭ ሞጁል (ለተጨማሪ ትንሽ ፕሮግራም) አሳልፎ መስጠት ይችላል፤ ከ100 መስመር ያነሰ የፓይተን ኮድ በቃኝ። መጀመሪያ ሲናፕስን ከነምንጩ ከዜሮ ልገንባው ብዬ ነበር። ይቻላል፤ የዶከር ፋይሉ (ኢሜጁ የሚገነባበት መመሪያ) ዶከር የሚባል ንዑስ ፎልደር ውስጥ ቢሆንም ትእዛዙ መሰጠት ያለበት ከዋናው ፎልደር ነው፣ አለበለዚያ ፋይሎቹን አያገኛቸውም። ግን ከእ.ኤ.አ. 2022 ጀምሮ የሲናፕስ አንዱ ክፍል ረስት በሚባለው ቋንቋ ስለሚጻፍ ማጠናቀሩ ጊዜም ራምም ይበላል፤ በየአዲሱ ስሪት መድገምም አለ። ሞጁል ለመጨመር ብቻ ከሆነ ያን ሁሉ መድከም አያስፈልግም። የእኔ ዶከር ፋይል ሦስት መስመር ነው፦ ከዚህ ስሪት ሲናፕስ ኢሜጅ ጀምር፣ ይህን ፎልደር ቅዳ፣ በፒፕ (በፓይተን መጫኛ) ጫነው። አዲስ ስሪት ሲወጣ የመጀመሪያውን መስመር ቁጥር ቀይሬ እንደገና እገነባለሁ።

ያንን ሦስት መስመር ቤቴ በኤም1 ማክ ገንብቼ፣ በፍላሽ አምጥቼ ጫንኩና ኮንቴይነሩ ተነስቶ ወዲያው ይሞታል። ሎጉ ላይ ያለው አንድ መስመር ብቻ ነው፦ «ኤግዘክ ፎርማት ኤረር»። ኮዴን ስመረምር አመሸሁ። ኮዱ ደህና ነበር። ማኩ በአርም ፕሮሰሰር ነው የሚሠራው፣ ዴስክቶፑ በኢንቴል፤ ዶከር ደግሞ ካልተነገረው ለሚሠራበት ማሽን ነው የሚገነባው። ስትገነቡ «ፕላትፎርም» በሚለው አማራጭ «ሊኑክስ ኤኤምዲ64» (ስሙ ኤኤምዲ ቢሆንም ለኢንቴልም ነው) ብላችሁ ንገሩት። ስታወርዱም ያው ነው፤ ማክ ላይ አውርዳችሁ በፍላሽ የምትወስዱት ፖስትግሬስ የአርም ፖስትግሬስ ሊሆን ይችላል።

ከዚህ የባሰ ያደረግሁት ግን «ይህን ፎልደር ቅዳ» ያልኩት ፎልደር ውስጥ የዳታቤዙ ፓስወርድ ያለበት ፋይልና የሲናፕስ የፊርማ ቁልፍ መኖራቸው ነው። ሁለቱም ኢሜጁ ውስጥ ገቡ። ያንን ኢሜጅ በፍላሽ ይዤ ታክሲ ተሳፍሬያለሁ። ባየሁ ጊዜ ቀጣይ መስመር ላይ «ሰርዘው» ብዬ ጻፍኩ፤ አይሠራም። ኢሜጅ እንደ እንጀራ ድርብርብ ነው፤ ከላይ ሌላ ብትደርቡበት የታችኛው እንዳለ ነው፣ ገልጦ የሚያይ ያየዋል። ፋይሎቹን ከፎልደሩ አወጣሁ፣ ዶከር ሲገነባ የሚተዋቸውን ዝርዝር ጻፍኩ፣ ፓስወርዱን ለወጥኩ፣ ኢሜጁን ጥዬ እንደገና ገነባሁ፣ ፍላሹንም ሙሉ በሙሉ አጸዳሁት። ምስጢር የሆነ ነገር ኮንቴይነሩ ሲነሳ ከውጭ ይሰጠው እንጂ ኢሜጅ ውስጥ አይግባ።

ሞጁሉን በተመለከተ የሰው ኃይል ክፍሎች ልብ ሊሉት የሚገባ አንድ ነገር አለ። ፓስወርድ የሚጠየቀው ሰው ሲገባ ብቻ ነው። አንድ ልጅ ሥራ ለቅቆ አካውንቱን በፋይል ሰርቨሩ ላይ ዘጋን፤ ከአሥር ቀን በኋላ ራሱ ደውሎ «አሁንም የጨረታ ክፍሉ መልእክት ስልኬ ላይ ይገባል፣ አስወጡኝ» አለኝ፣ እግዚአብሔር ይስጠው። ስልኩ ቀድሞ ገብቶ ስለነበር ማንም ፓስወርድ አልጠየቀውም። አሁን ሰው ሲለቅ በአስተዳዳሪው በኩል አካውንቱን ጨርሼ እዘጋለሁ፤ ያን ጊዜ ከሁሉም መሣሪያ ይወጣል።

ፖርት ላይ አጭር ማስጠንቀቂያ ልስጥ። ኡቡንቱ ላይ በዩኤፍደብሊው ፋየርዎል ሁሉን ዘግቼ ነበር። የእንግዳ ዋይፋይ ላይ ሆኜ ስሞክር ግን የፖስትግሬሱ ፖርት 5432 ክፍት ነው። ዶከር ፖርት ሲከፍት የራሱን ሕግ በቀጥታ ስለሚጽፍ ዩኤፍደብሊውን አልፎት ይሄዳል። ፖስትግሬስን ጨርሶ ፖርት አትክፈቱለት፤ ሲናፕስ በዶከር ውስጣዊ ኔትወርክ በስሙ ያገኘዋል። ሲናፕስንም 8008 ላይ ስትከፍቱት ከፊቱ 127.0.0.1 (ማሽኑ ራሱን የሚጠራበት አድራሻ) ጨምሩበት፣ ከዚያው ማሽን ካለው ኢንጂንኤክስ በስተቀር ማንም እንዳይደርስበት።

መብራት ሌላው ነው። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ማሽኑ ራሱ እንዲነሳ ባዮሱ ውስጥ ማስተካከያ አለ፤ ኮንቴይነሮቹም «ካልቆሙ በስተቀር ዳግም ተነሱ» የሚል መመሪያ ይፈልጋሉ። ሲናፕስ ፖስትግሬስ ሳይዘጋጅ ቀድሞ ተነስቶ እንዳይወድቅ የጤና ምርመራ ጨምሬበታለሁ። ዩፒኤሱ የሚይዘው 20 ደቂቃ ነው፤ በ15ኛው ላይ ማሽኑ ራሱን በሥርዓት እንዲዘጋ አድርጌዋለሁ።

አሁን ወደ ሁለተኛው ትልቅ ድንጋጤዬ ልምጣ። በኮምፖዝ ፋይሉ ላይ ፖስትግሬስን በስሪት ቁጥሩ ፈንታ «ሌተስት» (የመጨረሻው) ብዬ ነበር የጻፍኩት። አንድ ቀን እንደ ልማዴ አዳዲስ ኢሜጆች በፍላሽ አምጥቼ ጫንኩ፣ አስነሳሁ። ፖስትግሬስ አልነሳም፦ «ዳታው የተፈጠረው በስሪት 15 ነው፣ ይህ ስሪት 16 ነው፣ አይጣጣሙም» ይላል። ከመጀመሪያው ጥፋት በኋላ ስለነበር እጄ ተንቀጠቀጠ። ግን ምንም አልጠፋም ነበር። ፖስትግሬስ በዋና ስሪቶች መካከል የፋይሎቹን አቀማመጥ ይለውጣል፤ አዲሱ የድሮውን ሲያይ ሳይነካው ይቆማል። የድሮውን 15 በቁጥሩ መልሼ አስነሳሁት፣ ሁሉም እንደነበረ ተነሳ። ቀን መርጬ፣ ከ15ቱ ላይ ሙሉ ቅጂ አውጥቼ፣ ለ16ቱ አዲስ ባዶ ፎልደር ሰጥቼ (የ«ሲ» አደራደሩን እንደገና ሳልረሳ) መለስኩበት። ከዚያ ወዲህ በፋይሌ ውስጥ «ሌተስት» የሚል ቃል የለም። ሁሉም ቁጥር አለው። የሲናፕስን ስሪት ከመጨመሬ በፊትም የማሻሻያ ማስታወሻውን አነባለሁ፤ ዳታቤዙን ወደ አዲስ ቅርጽ ከቀየረ በኋላ ወደ ድሮው መመለስ ሁልጊዜ አይቻልም።

ባክአፕ በየሌሊቱ ይወጣል፦ የዳታቤዙ ቅጂ፣ ሰው የላከው ፋይል ያለበት ፎልደር፣ የቅንብር ፋይሉና የፊርማ ቁልፉ። ከዳታቤዙ ውስጥ የአንድ ጊዜ የምስጠራ ቁልፎች ያሉበትን ሠንጠረዥ ይዘት አስቀራለሁ። ያ ሠንጠረዥ ከድሮ ባክአፕ ከተመለሰ ቀድሞ የተሰጠ ቁልፍ ዳግም ይሰጥና የሚላከው መልእክት «መፍታት አልተቻለም» እየተባለ ይመጣል። ስልኮቹ አዲስ ቁልፍ ራሳቸው ይልካሉ።

በየሁለት ወሩ ደግሞ ያንን ባክአፕ ከኢንተርኔትም ከቢሮውም ኔትወርክ በተነጠለ ሌላ ላፕቶፕ ላይ አስነሳዋለሁ። የመጀመሪያው ሙከራ አልተሳካም ነበር። ፋይሎቹን በሩት (በሊኑክስ ዋና አስተዳዳሪ አካውንት) ስለቀዳኋቸው የፊርማ ቁልፉ የሩት ሆነ፤ ሲናፕስ በኮንቴይነሩ ውስጥ የሚሠራው ግን 991 በሚባል የተጠቃሚ ቁጥር ነው፣ ማንበብ ተከለከለ። ባለቤትነቱን ወደ 991 ሲቀይሩት ይነሳል። ይህን ያወቅሁት ሰርቨሩ በሞተበት ሌሊት ሳይሆን በሰላሙ ቅዳሜ በመሆኑ ደስ ይለኛል።

ሎግ ስታነቡ ስለ ሰዓት ተጠንቀቁ። ኮንቴይነሩ የሚጽፈው ከእኛ 3 ሰዓት ወደ ኋላ በሚቀረው በዓለም አቀፉ ሰዓት ነው። የሒሳብ ኃላፊዋ «ጠዋት 2 ሰዓት ላይ መልእክቴ አልሄደም» ሲሉኝ ግድግዳው ላይ ያለው ዲጂታል ሰዓት 8:00 ይል ነበር፣ ሎጉ ላይ ያለው ግን 05:00 ነው። እኔ 02:00 አካባቢ እየፈለግሁ ምንም ሳላገኝ ቆይቻለሁ። ሎጉ ሳይገደብ እያደገ ዲስኩን እንዳይሞላም በዶከር ቅንብር መጠኑን ወስኑለት።

አማርኛ ፍለጋ ላይ ብዙ አትጠብቁ። በተመሰጠረ ክፍል ውስጥ ሰርቨሩ መልእክቱን ስለማያይ መፈለግ አይችልም። ባልተመሰጠረው ደግሞ «ስብሰባ» ብላችሁ ስትፈልጉ «ስብሰባው» እና «በስብሰባችን» አይመጡም፤ «ሠራተኛ» እና «ሰራተኛ» ለእሱ ሁለት ቃል ናቸው። ፕላን የሚላክባቸው ክፍሎች ላይ የፕሮጀክቱን ቁጥር በመልእክቱ መጀመሪያ እንዲጽፉ አስለምጃቸዋለሁ፣ ቁጥር አይለዋወጥምና።

ያልፈታሁት የስልክ ማሳወቂያውን ነው። አንድሮይድ ላይ አዲስ መልእክት መጣ የሚለው ድምፅ የሚያልፈው በጉግል በኩል ነው፤ ኢንተርኔት ሲጠፋ መተግበሪያውን የከፈተ ሰው መልእክቱን ያያል፣ ስልኩ ኪሱ ያለ ሰው ግን አይሰማም። ለጊዜው የውጭ መስመር በጠፋ ቁጥር የእንግዳ መቀበያዋ ልጅ በየፎቁ ባለው ስልክ ደውላ «ኤለመንትን ኮምፒውተራችሁ ላይ ክፈቱ» ትላለች። ያለ ጉግል በቀጥታ ከሰርቨሩ የሚያመሳስለውን የኤለመንት ዓይነት በሁለት ስልኮች ላይ እየሞከርኩት ነው፤ ይሠራል፣ ባትሪው ግን ከሰዓት በኋላ ላይ ያልቃል።